ጠባሳው የማን ነው?

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቴ ሸንጎ መስሎ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሴት ልጄ፣ ባለቤቷ፣ የረጅም ጊዜ ጎረቤቴ፣ በስልክ ቪዲዮ ደግሞ አሜሪካ የሚኖረው ወንድ ልጄ ተሰብስበን አንድ ጉዳይ እንከራከራለን። ጉዳዩ የልጅ ልጄ ግራ ጉንጭ ላይ ያለው ጠባሳ ነው።

ወንድ ልጄ "ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ሌዘር ይሠራላት" ይላል። እናቷ "ተቆርጦ ይውጣና በደንብ ይሰፋ" ትላለች። አባቷ "ልጅ ናት፣ ስታድግ ይጠፋል፤ ለምን ታስጨንቋታላችሁ?" ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ልጇ ጆሮው ላይ ለወጣበት እባጭ መርፌ ተወግቶ እንደተሻለው ታስረዳለች። እኔም 34 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ስለሆንኩ ሁሉም ወደ እኔ ይመለከታሉ፤ "ሲስተር፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

የጠባሳው ባለቤት፣ የ15 ዓመቷ ልጅ፣ ፈንዲሻውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገብታለች። በዚያ ሁሉ ክርክር ያልተጠየቀችው እሷ ብቻ መሆኗን ያስተዋልኩት ሲኒው ከታጠበ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ጠባሳው የመጣው በእኔ ቤት፣ በእኔ ጥበቃ ሥር ነው። በ2010 ዓ.ም. ልጅቷ 8 ዓመቷ ሳለች ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ጋ ሰንብታ ነበር። ኳስ ስታባርር ወድቃ የተቀደደ የአጥር ቆርቆሮ ጉንጯን ቀደዳት። በንጹሕ ጨርቅ ተጭኜ ደሙን አቆምኩና ወስጄ አሰፋኋት። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተወጋች። እስከዚህ ድረስ የተሳሳተ ነገር አልነበረም።

የፊት ስፌት ከ5 እስከ 7 ባለው ቀን መውጣት አለበት። ይህን ለስንቱ ሰው እንደተናገርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ነገር ግን በ4ኛው ቀን ከደብረ ብርሃን የዘመድ ሞት ተረዳሁና ለለቅሶ ሄድኩ። ለልጄም "እኔ ስመለስ አወጣዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው" ብያት ነበር። የተመለስኩት በ12ኛው ቀን ነው። የቁስሉ የታችኛው ጫፍ ከሥር መግል ቋጥሮ ጠበቀኝ። ተከፈተ፣ ተጠረገ፣ በየቀኑ ታጠበ፣ ዳነ። ሲድን ግን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በግራና በቀኙም የክሩ ምልክት እንደ መሰላል ተጋድሞ ቀረ።

እስከ ዛሬ ማንም "አንቺ ነሽ" ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን ልጅቷ በሳቀች ቁጥር ያ 12 ቀን ይታወሰኝ ነበር። ይህን የምናገረው ንስሐ ለመግባት አይደለም። በልጅ ጠባሳ ላይ የሚወስን ወላጅ ወይም አያት ብዙ ጊዜ የሚወስነው በራሱ ጸጸት ተገፍቶ ስለሆነ ነው። የጥፋተኝነት ስሜት ደግሞ ሰውን ያስቸኩላል፤ ያገኘውንም ሕክምና ያስገዛዋል።

ጠባሳ ሁሉ አንድ አይደለም

በዚያ እሑድ ከተሰነዘሩት ሐሳቦች ብዙዎቹ ለአንድ ዓይነት ጠባሳ የሚበጁ ናቸው። ችግሩ ጠባሳው ምን ዓይነት እንደሆነ ማንም አለመጠየቁ ነበር።

በቀላሉ ለመረዳት ጠባሳን በሦስት እንክፈለው። አንደኛው ወደ ውጭ የሚያብጥ ነው። እብጠቱ በቀድሞው ቁስል ድንበር ውስጥ ከቆየ ብዙ ጊዜ በራሱም ሆነ በሕክምና ይቀንሳል። ድንበሩን አልፎ ጤነኛውን ቆዳ እየወረረ የሚያድገው ግን ኬሎይድ የሚባለው ነው። ኬሎይድ በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የበለጠ ይከሰታል፤ በቤተሰብም ይወረሳል። የጆሮ ጫፍ፣ ደረት፣ ትከሻና አገጭ አካባቢ ይወዳል።

ሁለተኛው ወደ ውስጥ የገባ ጠባሳ ነው። ብጉር ወይም መግል የያዘ ቁስል ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጎድጓዳ ከዚህ ይመደባል። ጥልቅ ሲሆን ከቆዳው ሥር ያለው ጠባሳ ቆዳውን ከታችኛው ሥጋ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ፍራሽ ላይ የተሰፋ ቁልፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ እንደሚስበው ማለት ነው። የልጅ ልጄ ጠባሳ እንዲህ ያለ ነበር።

ሦስተኛው በተለይ ከእሳት ቃጠሎ በኋላ የሚመጣው፣ ቆዳውን የሚያኮማትረው ነው። የዓይን ቆብን ወደ ታች፣ ከንፈርን ወደ ጎን ሊጎትት ይችላል። ዓይን በደንብ አልከደን ካለ ወይም አፍ በደንብ አልከፈት ካለ ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ "እስቲ እንጠብቅ" ሳይባል ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

እያንዳንዱን ምክር ብንመዝነው

የአባቷ ምክር፣ "ስታድግ ይጠፋል"፣ ግማሽ እውነት አለው። አዲስ ጠባሳ ይበስላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይደድራል፣ ያሳክካል። ከዚያ ቀስ በቀስ እየለሰለሰና እየደበዘዘ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ይለወጣል። ስለዚህ ቸኩሎ በ3ኛው ወር ላይ ቀዶ ሕክምና መጠየቅ ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም። በስሎ ካበቃ በኋላ ግን በራሱ አይጠፋም። ከሥር የተጣበቀ ጎድጓዳ ደግሞ ዕድሜ አይሞላውም። የልጅቷ ጠባሳ 7 ዓመቱ ነበር፤ የሚጠበቀው ተጠብቋል።

የጎረቤቴ ምክር የስቴሮይድ መርፌ ነው። ትራያምሲኖሎን የሚባለው መድኃኒት ጠባሳው ውስጥ በየ4 እስከ 6 ሳምንት ይወጋል። ላበጠ ጠባሳና ለኬሎይድ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ልጇንም የረዳው ለዚህ ነው። የሚሠራው ግን ጠባሳውን በማሳሳት ነው። ቀድሞውንም ለጎደለ ጉንጭ ቢሰጥ ይበልጥ ያጎደለዋል፤ የቆዳውንም ቀለም ሊያነጣው ይችላል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ይሆናል የሚባለው እንዲህ ነው። ኬሎይድ ያለበት ሰው በበኩሉ ሊጠነቀቅ የሚገባው አለ። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተው ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ብሶ እንዲመለስ ያደርጋል። ከተቆረጠ መርፌ ወይም ሌላ ተከታታይ ሕክምና ሊታከልበት ይገባል።

የሲሊከን ቅባትና ልጥፍም ያበጠን ለማለስለስ ነው። በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ለ2 እና 3 ወራት ይደረጋል። ጎድጓዳን አይሞላም። ጠባሳ አጥፊ እየተባሉ የሚሸጡ ሌሎች ቅባቶች ደግሞ ጥልቅ ጠባሳ ዘንድ አይደርሱም። ከሁሉም የምፈራው ጠባሳ ለማንጣት እየተባለ የሚቀባውን ነው። አንዳንዱ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት፤ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል፣ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቃጠላል። ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበት ብልቃጥ የልጅ ፊት ላይ አይቀባ።

የወንድ ልጄ ምክር ሌዘር ነው። ለጠባሳ የሚውለው ሌዘር በቆዳው ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን በሙቀት እየከፈተ አዲስ ሥጋ እንዲገነባ ያነሳሳል። መካከለኛ ጥልቀት ላለውና ለሻካራ ጠባሳ ይረዳል፤ በአንድ ጊዜ ግን አያልቅም። በእኛ ቆዳ ላይ ትልቁ ጭንቀት ቀለም ነው። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ቀለም የሌዘሩን ሙቀት ሊስብ፣ ሙቀቱም ቆዳውን ሊያስቆጣው ይችላል። ጉድጓዱን አሻሽላለሁ ሲባል ማዲያት የመሰለ ጥቁረት ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ የለመደ ሐኪም በአነስተኛ ኃይል፣ በትንሽ ቦታ ሞክሮ ሲሠራው ግን አደጋው ይቀንሳል። በጥቃቅን መርፌዎች ቆዳን የሚወጋጋው ማይክሮኒድሊንግ በቀለም በኩል ከሌዘር ይሻላል፤ የሚጠቅመው ግን ጥልቀት ለሌለው ጠባሳ ነው። ሁለቱም ከሥር የተጣበቀን ነገር አይፈቱም።

የቀሩት ሦስት መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው ሰብሲዥን ይባላል። በመርፌ ከቆዳው ሥር ተገብቶ የጎተተው ጠባሳ ይበጠሳል። ጉንጩ ለጥቂት ቀናት ይበልዛል፤ መደጋገምም ሊያስፈልገው ይችላል። ሁለተኛው መሙላት ነው። ፊለር የሚባለው በመርፌ የሚገባ ነገር ከወራት በኋላ እየሟሟ ስለሚሄድ ወጪው ይደጋገማል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደግሞ ቆዳን እስከ መግደል፣ ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚደርስ አደጋ ስላለው ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅ በፍጹም አይሞከርም። ከራሷ ሆድ ወይም ጭን ስብ ወስዶ መሙላትም ይቻላል፤ ከገባው ከፊሉ በሰውነት ስለሚመጠጥ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ሦስተኛው የእናቷ ምክር፣ ቀዶ ሕክምና ነው። አሮጌው ጠባሳ ተቆርጦ ይወጣና ከሥር ጀምሮ በድርብ ይሰፋል። ሐኪሙ አዲሱን መስመር ፊት ሲስቅ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ለማስተኛት ይሞክራል። አንዳንዴም መስመሩን ዜድ በሚባለው የፈረንጅ ፊደል ቅርጽ ይሰብረዋል፤ የሚጎትተውን ያላላል፣ ዓይንም ቀጥ ያለ መስመርን እንደሚያየው አያየውም። አደጋውም የታወቀ ነው፦ መመርቀዝ፣ መስፋት፣ ኬሎይድ፣ አንዳንዴም የነርቭ ጉዳት።

ያልተጠየቀችው

ያን ዕለት ማታ እንግዶች ሲሄዱ ልጅቷን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"የኔ እናት፣ ሁላችንም ስናወራ አንቺን አልጠየቅንሽም። ይሄ ነገር ያስቸግርሻል? ካስቸገረሽስ ምኑ ነው?" አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "እማማ፣ መስመሩ አይደለም" አለችኝ። "መስመሩን ለምጄዋለሁ፤ ጓደኞቼም ለምደውታል። ስስቅ ነው። ስስቅ ጉንጬ ወደ ውስጥ ይገባና ፊቴ ይጣመማል። ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው አፌን ይዤ የምስቀው።"

ደነገጥኩ። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ማድረጓን ሁላችንም እናውቃለን። እኔማ ጨዋነቷ ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ለካ ስትደበቅ ኖራለች።

በዚያች ደቂቃ የሕክምናው ጥያቄ ተለወጠ። እኛ የምንጠይቀው "ጠባሳውን እንዴት እናጥፋው?" የሚለውን ነበር። የእሷ ጥያቄ ግን "ስስቅ ጉንጬ እንዳይጎተት ማድረግ ይቻላል?" የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ የለውም፤ ጠባሳን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ሕክምና የለምና። ሁለተኛው ግን መልስ አለው።

ሐኪሙ ዘንድ

በሳምንቱ ከእናቷ ጋር ሆነን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ መጀመሪያ ያነጋገረው ልጅቷን ነው፤ ይህ ብቻውን ደስ አሰኘኝ። እንድትስቅ፣ ጉንጯን በአየር እንድትሞላ፣ ዓይኗን እንድትጨፍን አደረጋት፤ የፊት ነርቭ አለመነካቱን ማየቱ ነው። ጠባሳውን በጣቱ ይዞ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው። ከዚያ የተበሳ ጆሮዋንና ክንዷ ላይ ያለውን የክትባት ምልክት አየ፤ በቤተሰባችን ኬሎይድ ያለበት ሰው እንዳለም ጠየቀ። የጆሮዋ ቀዳዳና የክትባቷ ምልክት ጠፍጣፋ ነበሩ፤ በቤተሰባችንም የለም። ይህ ዋስትና አይደለም፤ ጥሩ ምልክት ግን ነው።

"ሲስተር፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ጠባሳ አናጠፋም" አለኝ። "መጥፎውን ጠባሳ በተሻለ ጠባሳ እንለውጣለን። መስመር ይቀራል።"

ከዚያ ሁለት መንገድ ዘረዘረ። አንደኛው በመርፌ አላቅቆ በራሷ ስብ መሙላት፤ ሁለተኛው ቆርጦ ማውጣትና ከሥር ማላቀቅ፣ ከዚያም በድርብ መስፋት። መሰላል የመሰለው የክር ምልክት ስላለና ጠባሳው ሰፋ ያለ ስለሆነ ሁለተኛውን መረጠ። "ምንም ባናደርግስ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ለጤናዋ ምንም አትሆንም። እንደዚሁ ይቀጥላል" አለኝ። ይህ መልስ ትልቅ ነገር ነው። መተውም አንዱ ምርጫ መሆኑን ልጅቷ በጆሮዋ ሰማች፤ የሚያስገድዳት እንደሌለም አወቀች።

ሐኪሙ ለማሰብ ጊዜ ሰጣት። እሷም ከ10 ቀን በኋላ መጥታ "እማማ፣ ይሠራልኝ። ግን ትምህርት ሳይከፈት" አለችኝ።

በ6ኛው ቀን

በሐምሌ አጋማሽ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ፣ ሳትተኛ ተሠራላት። በዚያው ቀን ወደ ቤት ገባን። ክሩ በ6ኛው ቀን ወጣ። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ሳምንት ለማንም ለቅሶ አልሄድኩም፤ ዘመድም ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የወረቀት ፕላስተር፣ ቀጥሎ የሲሊከን ቅባት፣ ሐኪሙ ሲፈቅድም በጣት ማሸት። ከፀሐይ መጠበቅም ዋናው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርድ ቢኖርም ትበረታለች፤ አዲስ ጠባሳን በቶሎ ታጠቁራለች። ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከቤት አልጠፉም።

በሁለተኛው ወር መስመሩ ቀልቶ ሲደድር እናቷ ደንግጣ ደወለችልኝ፤ "እማዬ፣ ከበፊቱ ባሰ!" ብላ። የሚጠበቅ መሆኑን አስረድቼ አረጋጋኋት። በወራት ውስጥ እየለሰለሰ ሄደ።

አሁን ዘጠኝ ወር ሆነው። መስመር አለ፤ ቀጭን ነው። ከታች በኩል ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ቀርቷል። ሐኪሙ ወደፊት በስብ ሊሞላ እንደሚችል ነግሯታል። እሷ ግን "በቃኝ" ብላለች። በቃኝ ካለች በቃት።

ለወላጆችና ለአያቶች

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ልጅ ፊቱን ሲቆስል በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት። የቡና ዱቄት፣ ቅቤና አፈር አታድርጉበት። የተከፈተ ቁስል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ክሩ የሚወጣበትን ቀን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከሠርግም ከለቅሶም ይቅደም።

ጠባሳው ከቀረ ደግሞ ሰው ከነገራችሁ መድኃኒት አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ዓይነቱን አስለዩ። የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና፣ አለርት ሆስፒታል ደግሞ በቆዳ ሕክምና ይታወቃሉ፤ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ማጻፍ ትችላላችሁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊትም እነዚህን ጠይቁ፦ ሠሪው ማን ነው፣ ሐኪም ነው ወይ? እንደ ልጄ ባለ ቆዳ ላይ የሠራውን ከበፊትና ከበኋላ ፎቶ ያሳየኛል? ስንት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፣ ጠቅላላ ወጪውስ? ሊመጣ የሚችለው መጥፎ ነገር ምንድን ነው፣ ከመጣስ ማን ያክመዋል? ምንም ባናደርግስ? "ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ" የሚላችሁ ካለ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከሁሉም በፊት ግን ልጁን ጠይቁት። ፊቱ የእሱ ነው። እናንተን የሚያስጨንቃችሁና እሱን የሚያስጨንቀው አንድ ላይሆን ይችላል። ብቻውን አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ዝም ሲልም ታግሳችሁ ጠይቁት።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ወንድ ልጄ በስልክ ቀልድ ሲያወራ ልጅቷ ሳቀች። እጇ እንደ ልማዷ ወደ አፏ ተነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም።